ጥላ የማን ዕዳ ነው?

በሐዴራ ለሕዝብ የተሰጠ ንግግር

 እዚህ እስራኤል፣ ሐዴራ መጥቼ ስለ ፀሐይ እንድናገር ጋብዛችሁኛል። እንደ እኛ ከጎንደር አገር፣ ከወገራ፣ ከደምቢያና ከአርማጭሆ ለመጣ ሰው ስለ ፀሐይ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ከጅምሩ የመጣሁበትን ልናገር። ፀሐይ ትጎዳለች ወይስ አትጎዳም ብዬ ልከራከር አልመጣሁም። ጥያቄዬ፣ ገቢው አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ ከፀሐይ ጉዳት የሚጠበቀው በማን ወጪ ነው የሚል ነው። እስከ ዛሬ ከየአቅጣጫው የምንሰማው መልስ «የፀሐይ መከላከያ ክሬም ግዙ» የሚል ነው። ይህ መልስ ለብዙዎቻችን አይስማማም፤ ለሚስማማውም ሰው ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። እኔ የማምነው የመከላከያው ዋና ክፍል ጥላ፣ ልብስና ሰዓት መሆኑን ነው። ጥላውን የመትከል ዕዳም የከተማው፣ የትምህርት ቤቱና የአሠሪው ነው። ክሬም ደግሞ ለሚያስፈልገው ሰው እንደ መድኃኒት ይሰጥ። በመጀመሪያ ጨረሩ ማንን በምን እንደሚጎዳ አያለሁ፤ ቀጥለን የክሬሙን ሂሳብ እናሰላለን፤ ከዚያ ወደ ጥላው እመጣና የሚነሡትን ተቃውሞዎች እመልሳለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እዚህ አገር እንደምንቆጥረው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሙቀት እንጀምር፤ ሙቀትና ጨረር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳሉ በአነጋገራችን እንደ አንድ ይቆጠራሉና። ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳው፣ አልትራ ቫዮሌት የሚባለው ጨረር በዓይን አይታይም፣ በሰውነትም አይሰማም። የሚያልበን ሌላው የፀሐይ ኃይል ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በመቶ 10 ያህል ይጨምራል፤ ለምድር ወገብም ከዚህ ይልቅ ትቀርባለች። ስለዚህ ጎንደር ላይ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ብርድ ብርድ እያለው ሜዳ ላይ የዋለ ሰው፣ ሐዴራ ውስጥ በሐምሌ ላብ በላብ ሆኖ ከሚሄደው ሰው የበለጠ ጨረር የሚያርፍበት ጊዜ አለ። ታዲያ ወላጆቻችን እንዴት ቻሉት? አንዱ መልስ የቆዳቸው ቀለም ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ሌላው መልስ የአኗኗር ሥርዓታቸው ነው። ገበሬው በማለዳ ጠምዶ ቀትር ሲሆን ይፈታል። እረኛው መንጋውን ዋርካ ወይም ሾላ ወዳለበት ይነዳል። ገበያ የምትወጣ ሴት ጃንጥላ ትይዛለች፣ ነጠላዋ ከራሷ አይወርድም፤ ሽማግሌው ያለ ባርኔጣ ደጅ አይወጣም። ይህ ሁሉ ስለ ጨረር ታስቦ የተደረገ አይደለም፣ ግን ይከላከል ነበር፤ ወጪውም ከምንም አይቆጠርም። ወደዚህ አገር ስንመጣ ቆዳችን አብሮን መጣ፣ ሥርዓቱ ግን ወደ ኋላ ቀረ። አሁን ሰዓቱን የሚወስነው አሠሪው ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ የሚቆም ጠባቂ፣ የግንባታ ሠራተኛ፣ መንገድ የሚጠርግ ሰው ጨረሩ በሚበረታበት ከ10 እስከ 16፣ በእኛ አነጋገር ከረፋዱ አራት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ድረስ የሚቆምበትን ቦታ ራሱ አይመርጥም።

አሁን «እኛ ጥቁሮች ነን፤ ፀሐይ ምን ታደርገናለች?» ወደሚለው ልምጣ። ይህን አነጋገር ንቄ አላልፈውም፤ ግማሹ እውነት ነውና። በ1979 በታተመ አንድ የአሜሪካ ልኬት የጥቁር ሰው የላይኛው የቆዳ ሽፋን በራሱ 13 ገደማ የመከላከል ኃይል ሲኖረው፣ የነጭ ሰው ግን 3 ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ቁጥር ክሬም ጠርሙስ ላይ ከሚጻፈው ቁጥር ጋር የሚቀራረብ መለኪያ ነው። የቀለሙ ጥቅም ይበልጥ የሚታየው ቀለሙ በማይኖርበት ጊዜ ነው። በአፍሪካ አልቢኖ ሆነው የተወለዱ ሰዎች በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር ይያዛሉ። በ1975 የታተመ የናይጄሪያ ጥናት ከ20 ዓመት በላይ ከሆናቸው አልቢኖዎች መካከል ቆዳው ከካንሰር ወይም ከካንሰር ጅማሮ ነጻ የሆነ አንድም ሰው አላገኘም። አገሩ አንድ፣ ፀሐዩ አንድ፣ ወላጆቹም አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ ቀለሙ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ክሬም መሥራቱን ከሚያረጋግጡት ጥናቶች ዋነኛው የተካሄደው አውስትራሊያ ውስጥ ናምቡር በምትባል ከተማ ነው። ከ1992 እስከ 1996 ድረስ 1621 ሰዎች ተሳትፈውበት፣ በየቀኑ እንዲቀቡ በተደረጉት ላይ አንዱ ዓይነት የቆዳ ካንሰር በመቶ 40 ያህል ቀነሰ፤ ከዓመታት በኋላ ሜላኖማ የሚባለው ክፉው ዓይነትም ከሌሎቹ አንሶ ታየባቸው። ማስረጃው ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን የነጮች ማስረጃ ነው። ያንን አንሥቶ ለእኛ ልጆች እንዳለ መናገር በሰው ልኬት የተሰፋ ልብስ ማልበስ ነው።

ግማሹ እውነት ነው ያልኩት ግን በምክንያት ነው። ሜላኖማ ጥቁር ሰውንም ይይዛል። የሚወጣበት ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ የእግር መርገጫ፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው፤ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ማለት ነው። ቦብ ማርሊ በ1981 በ36 ዓመቱ የሞተው በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ከጀመረ ሜላኖማ ነው። ይህን ዓይነቱን በሽታ ክሬም አይከላከለውም። የሚያድነው ቶሎ ማየት ነው፤ እግሩን ሲታጠብ መርገጫውን የሚያይ፣ ጥፍሩ ሥር የማይጠፋ ጥቁር መስመር ሲያገኝ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው ያለ አንዳች ወጪ ራሱን ይጠብቃል። ችግሩ ሁሉም ሰው፣ ሐኪሙም ጭምር፣ የቆዳ ካንሰር የነጭ ሰው በሽታ ነው ብሎ ስለሚያስብ የእኛ ሰው ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ስለዚህ በየግንቦቱ ስለ ቆዳ ካንሰር የሚደረገው ዘመቻ ወደ እኛ ሠፈር ሲደርስ መልእክቱ «ተቀቡ» ሳይሆን «እግራችሁን እዩ» ቢሆን ይሻላል።

የቆዳው ቀለም የማይከላከለው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱም ዓይን ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስለ ክሬም ብዙ ሲወራ ስለ ዓይን ማንም አያነሣም። በ1988 በታተመ ጥናት በአሜሪካ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ የሚሠሩ 838 አሳ አጥማጆች ተመረመሩ። በዕድሜው ሁሉ ያገኘው ጨረር እጥፍ የሆነ ሰው አንደኛው ዓይነት የዓይን ሞራ ግርዶሽ የሚይዘው ዕድል 1.6 እጥፍ ሆነ። ባለ ክፈፍ ባርኔጣና መነጽር ያደረጉት ዓይናቸው ላይ የሚደርሰው ጨረር በእጅጉ ያነሰ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ በሜሪላንድ ሳልስበሪ ከተማ ከ2500 በሚበልጡ አረጋውያን ላይ የታተመው ጥናት ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይነግረናል። ከነሱ ውስጥ ሩብ ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ በፀሐይና በሞራው መካከል ያለው ግንኙነት በእነሱም ላይ እንደ ነጮቹ ሆኖ ተገኘ። የቆዳ ቀለም ለዓይን ብሌን ጋሻ አይሆንለትም ማለት ነው። በኢትዮጵያ በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንሥኤዎች ሁሉ ግማሹን የያዘው የዓይን ሞራ ነበር። ሁሉም በፀሐይ የመጣ ነው አልልም፤ ዕድሜ፣ ስኳር፣ ምግብም ድርሻ አላቸው። ግን ዕድሜያቸውን እርሻ ላይ ያሳለፉ እናቶችና አባቶች እዚህ መጥተው ዓይናቸው ሲጋረድ፣ የፊታቸውን ፀሐይ የሚያስቀር ሰፊ ባርኔጣ ከማንኛውም ክሬም ይበልጥ ይጠቅማቸው ነበር። ባርኔጣ ደግሞ ዓመታት ያገለግላል።

ክሬም በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው እነማን ናቸው? አልቢኖዎች፣ ያለ ጥርጥር። ሉፐስ የሚባለው ሕመም ያለባቸው፣ ቆዳን ለፀሐይ የሚያጋልጥ መድኃኒት የሚወስዱ፣ ለምጽ የወጣባቸው። ማዲያት ያለባቸው ሴቶችም፤ ነገር ግን ማዲያትን የሚያባብሰው የሚታየው ብርሃን ጭምር ስለሆነ የሚረዳቸው ተራው ነጭ ክሬም ሳይሆን የቆዳ ቀለም ያለው፣ የብረት ኦክሳይድ የተቀላቀለበት ነው። ቆዳ ማንጫ ክሬም የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ የተፈጥሮ ጋሻቸውን በገንዘባቸው እያስነሡ ስለሆነ አንደኛው መድኃኒታቸው ያንን ማቆም ነው። ይህንንም ስናገር ሐዴራ የእኛ ብቻ አለመሆኗን አልዘነጋም። እኛ በምንኖርበት ሕንጻ ከሩሲያ፣ ከዩክሬንና ከካውካስ የመጡ፣ ደሞዛቸው ከእኛ ደሞዝ የማይበልጥ ጎረቤቶች አሉ፤ የእነሱ ልጆች በሐምሌ ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላቸው ይቀላሉ። የናምቡሩ ማስረጃ በቀጥታ የሚመለከተው እነሱን ነው። ከሁለቱም ወገን የተወለዱ ልጆችም እየበዙ ነው፤ ቀለማቸው የተለያየ ወንድማማቾች በአንድ ቤት ይኖራሉ። ስለዚህ ለድሃ ሠፈር አንድ ዓይነት ምክር የለም፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገር ቢኖር ጥላ ነው።

ወደ ሂሳቡ ልግባ። አምራቾቹ ጠርሙሱ ላይ የሚጽፉት ቁጥር የሚለካው ክሬሙ በጣም ወፍራም ሆኖ ሲቀባ ነው። በዚያ መጠን አንድ አዋቂ መላ ሰውነቱን ለመሸፈን 30 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልገዋል፤ በየሁለት ሰዓቱም፣ ከውኃ ሲወጣም፣ እንደገና መቀባት አለበት። አባት፣ እናትና አራት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ጊቫት ኦልጋ ባሕር ዳር ቢወርድ፣ ለልጆቹ የአዋቂውን ግማሽ ብንቆጥር እንኳ፣ አንድ ጊዜ ለመቀባት 120 ሚሊ ሊትር ያልቃል። የተለመደው ትልቅ ጠርሙስ 200 ሚሊ ሊትር ነው። ሁለተኛው ዙር ሳይጠናቀቅ ጠርሙሱ ባዶ ይሆናል። በሚያዝያ 2025 የዚህ አገር ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 34 ሸቀል ከጥቂት አጎሮት ሆኖ ነበር። ጠርሙሱ 59 ሸቀል ነው ብንል፣ የአንድ ከሰዓት በኋላ መዝናኛ የሁለት ሰዓት ያህል የጽዳት ሥራ ደሞዝ ይበላል ማለት ነው። ድሃ ቤተሰብ ይህን ሲያይ የሚያደርገው ይታወቃል፤ ጠርሙሱ በጋውን በሙሉ እንዲያደርስለት በስሱ ይቀባል። በስሱ የተቀባ ባለ 50 ቁጥር ክሬም ግን ባለ 50 አይደለም፤ ብዙ ዝቅ ይላል። ቤተሰቡ ገንዘቡን ከፍሎ መከላከያውን አላገኘም።

ግብሩ ይነሣልን የሚል ሐሳብ አለ፤ እኔም እደግፈዋለሁ፣ ግን ብዙ አልጠብቅበትም። በእስራኤል ማዓም የሚባለው የተጨማሪ እሴት ታክስ ከጥር 2025 ጀምሮ በመቶ 18 ነው። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ከዚህ ነጻ ስለሆነ፣ መንግሥት ከፈለገ ለይቶ ማንሣት እንደሚችል ይታወቃል። አውስትራሊያ ለፀሐይ መከላከያ ክሬም ያንኑ አድርጋለች። ነገር ግን ከ59 ሸቀሉ ጠርሙስ ማዓም ቢነሣ የሚቀነሰው 9 ሸቀል ነው። 50 ሸቀል ለማይችል ሰው ይህ ለውጥ አይደለም። ኔዘርላንድስ በ2023 በጋ በትምህርት ቤቶች፣ በመናፈሻዎችና በስፖርት ሜዳዎች ነጻ የክሬም ማደያ አቆመች፤ ይህ ከግብሩ ይሻላል፣ ምክንያቱም ዋጋውን ከቤተሰቡ ትከሻ ያወርዳል። ሆኖም የደች ልጆች ቆዳ ሌላ ነው፤ ማደያው እዚህ በእኛ ትምህርት ቤቶች ቢቆም ነጭ ሆኖ ፊት ላይ የሚቀረውን ክሬም የእኛ ልጆች እንደማይነኩት እገምታለሁ።

እንግዲህ ወደ ጥላው መጣን። ይህች ከተማ ስለዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ የምትናገረው ታሪክ አላት። ሐዴራ የተቆረቆረችው በ1891 ነው፤ በዘመቻ ሰሎሞን ብዙዎቻችሁ ከኢትዮጵያ የመጣችሁበት 1991 ልክ መቶኛ ዓመቷ ነበር። የሆሽዓ ሐንኪን መሬቱን ሲገዛ ረግረግ ነበር፤ ጊቫት ኦልጋ ስሟን ያገኘችው ከአዋላጅዋ ሚስቱ ከኦልጋ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ብዙዎቹ በወባ ሞቱ። ኪኒን ይዋጥ ነበር፤ ሐኪሙ ሂሌል ያፌም፣ ዛሬ የከተማው ሆስፒታል በስሙ የሚጠራለት ሰው፣ ዕድሜውን ለወባ ትግል ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ወባው ያለቀው እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ኪኒን ስለ ገዛ አይደለም። ባሮን ሮትሽልድ ገንዘብ ሰጠ፣ ከግብፅ የመጡ ሠራተኞች ቦይ ቆፈሩ፣ ባሕር ዛፍ በብዛት ተተከለ። በዚያው አሥርት ዓመት ውስጥ አጼ ምኒልክ አዲስ አበባ ላይ ባሕር ዛፍ ማስተከል ጀምረው ነበር፤ እሳቸው ለማገዶና ለቤት ሥራ፣ እነዚህ ለረግረግ። ዛፉ ብቻውን ረግረጉን አላደረቀም፤ ዋናውን ሥራ የሠራው ቦዩ ነው። ቁም ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ሐዴራ የተረፈችው ችግሩ የመሬቱ እንጂ የየሰዉ ግዴለሽነት አይደለም ተብሎ በጋራ ወጪ ስለ ተሠራ ነው። ዛሬ ስለ ፀሐይ የምንሰማው ንግግር ከዚያ ወደ ኋላ ሄዷል። ያልተቀባ ሰው ራሱን ጎዳ ይባላል፤ ጥላ በሌለው ታሃና፣ በአውቶቡስ ማቆሚያ፣ አርባ ደቂቃ የጠበቀ ሰው ግን ማን እንደ ጎዳው አይጠየቅም።

ጥላ እንደ ማንኛውም ሀብት በእኩል አልተከፋፈለም። በ2021 በአሜሪካ 5723 ከተሞችና መንደሮች ላይ የታተመ ጥናት፣ ከታዩት የከተማ አካባቢዎች በመቶ 92ቱ ውስጥ የድሆች ሠፈር ከሀብታሞቹ ያነሰ ዛፍ እንዳለው፣ በአማካይ በመቶ 15 እንደሚያንስና ሙቀቱም በ1.5 ዲግሪ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ይህን ልብ ያለው ሰው ያለ መሣሪያ ማየት ይችላል፤ ባለ አራት ፎቅ የመንግሥት ሕንጻዎች ከተደረደሩበት ተነሥቶ ባለ ግቢ ቤቶች ወዳሉበት ሲሄድ መንገዱ ይጠቁራል። የእስራኤል መንግሥት በጥር 2022 እስከ 2040 ድረስ በከተሞች 450 ሺህ ዛፎች እንዲተከሉ ወስኗል። ውሳኔው መልካም ነው። የሚቀረው ጥያቄ በየከተማው የመጀመሪያው ጉድጓድ የሚቆፈረው የት ነው የሚለው ነው፤ ያንን የሚወስነው ደግሞ ኢየሩሳሌም ያለው መንግሥት ሳይሆን ዒሪያው፣ የከተማው አስተዳደር ነው። ጋን በሚባለው መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ኩፓት ሆሊም በሚባለው የጤና ተቋም ደጅ፣ ታሃና፤ ሰው ሳይፈልግ የሚቆምበት ቦታ መቅደም አለበት። ሰው ወዶ የሚዝናናበት መናፈሻ ቢዘገይ ግድ የለም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። ከሁሉ የሚከብደው ጥላ ብቻውን አይበቃም የሚለው ነው። በ2017 የታተመ የቴክሳስ ሙከራ አለ። 81 ሰዎች ሐይቅ ዳር ሦስት ሰዓት ተኩል ቆዩ፤ እኩሌቶቹ ጃንጥላ ሥር፣ እኩሌቶቹ ባለ 100 ቁጥር ክሬም ተቀብተው። ጃንጥላ ሥር ከነበሩት በመቶ 78ቱ፣ ከተቀቡት ደግሞ በመቶ 25ቱ ተቃጠሉ። ሙከራውን ያካሄዱት የክሬም አምራች ኩባንያ ባለሙያዎች ቢሆኑም ውጤቱን አልክደውም። አሸዋ ከሚያርፍበት ጨረር በመቶ 15 ያህሉን መልሶ ይወረውራል፣ የባሕር አረፋ በመቶ 25 ያህሉን፤ ሰማዩም ራሱ ጨረር ይበትናል። አንድ ትንሽ ጃንጥላ በሰፊ ሰማይ ሥር ቀዳዳው ብዙ ነው። ከዚህ የምማረው ግን ጥላ ከንቱ ነው የሚለውን ሳይሆን ጥላ ሰፊ ይሁን፣ ልብስም ይታከልበት የሚለውን ነው። ሰማዩን የሚሸፍን የዛፍ ጥላና ግቢውን ዳር እስከ ዳር የሚከድን ሸራ ከጃንጥላ ጋር አይወዳደሩም። ልብስም እንዲሁ ይለያያል፤ ስስ ነጭ ካናቴራ፣ በተለይ ሲረጥብ፣ ብዙ ጨረር ያሳልፋል፤ ጂንስና ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ጨርቅ ግን ምንም አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ለዋና የሚሆን እጅጌው ረጅም ልብስ አንዴ ተገዝቶ ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል። ጠርሙስ አይተላለፍም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሐኪሞች የሚመጣ ነው፤ ሰውን ከፀሐይ ብናሸሸው የቫይታሚን ዲ እጥረት አይብስም ወይ የሚል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለእኛም ከማንም ይበልጥ የሚገባ ጥያቄ ነው። ጥቁር ቆዳ ይህን ቫይታሚን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ በ1995 እዚሁ እስራኤል ውስጥ የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ የመጡ ሴቶች ብዙዎቹ እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል። ሜዳ ላይ ይውል የነበረ ሰው ቤት ውስጥና ፋብሪካ ውስጥ መዋል ሲጀምር የሚሆነው ይህ ነው። እንግዲህ «ከፀሐይ ራቁ፣ ሁልጊዜ ተቀቡ» የሚለው የጅምላ ምክር ለእናቶቻችን ጉዳት ሊሆን ይችላል። የምለው ይህንኑ ነው፤ ጥላ የሚፈለገው ሰው ሳይወድ ለሰዓታት ለሚቆምበት ቦታ ነው እንጂ ጠዋት በእግሩ ገበያ ለሚሄደው አይደለም። የጎደለውን ደግሞ በደም ምርመራና በጠብታ መሙላት ይቻላል። ቲፓት ሐላቭ የሚባለው የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያ ለሕፃናት እስከ አንድ ዓመት በየቀኑ 400 ዩኒት እንዲሰጥ ይመክራል፤ ጠብታው ከክሬሙ ይረክሳል።

ዛፍ ለማደግ ዓመታት ይፈልጋል የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፤ ስለዚህ ነው ሸራው አሁን፣ ዛፉም አሁን የምለው። ሰው ራሱን መጠበቅ አለበት፣ ሁሉን ከመንግሥት አትጠብቁ ከሚሉት ጋር ደግሞ ግማሽ መንገድ አብሬ እሄዳለሁ። ባርኔጣ ማድረግ፣ ልጅን በቀትር ባሕር ዳር አለመውሰድ፣ እግርን ማየት የእኛ ፈንታ ነው። የእስራኤል የካንሰር ማኅበር በምክር ብዙ ሠርቷል፤ በአንድ ወቅት በሜላኖማ ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ የነበረች አገር ዛሬ ዝቅ ብላለች። ግን ጠባቂው በሩን ትቶ ጥላ ፍለጋ ቢሄድ ከሥራ ይባረራል። ልጁም በዕረፍት ሰዓት የሚጫወተው በተሰጠው ግቢ ነው። ምርጫ የሌለውን ሰው ምረጥ ብሎ መምከር ምክር አይባልም።

ክሬሙ ለሚያስፈልገው ይሰጥ ያልኩት የማይሆን ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ከእኛ እጅግ ድሃ በሆነች አገር ተደርጓል። ታንዛኒያ ውስጥ በሞሺ፣ ኪሊማንጃሮ ተራራ ሥር ባለው ሆስፒታል፣ ለአልቢኖዎች ተብሎ ኪሊሰን የሚባል ክሬም እዚያው ይመረታል፤ ከቆዳ ምርመራና ከትምህርት ጋር በነጻ ይሰጣል። የክሬሙ ዋጋ ከፋርማሲ መደርደሪያ ወርዶ ወደ ሕክምናው ገባ፣ በቃ። በየኩፓው የቆዳ ሐኪም ፊት የተቀመጠ አልቢኖ ልጅ ወይም የሉፐስ ሕመምተኛ ክሬሙን እንደ ማንኛውም መድኃኒት በማዘዣ ማግኘት አለበት፤ ይህ የሚመለከተው ጥቂት ሰዎችን ስለሆነ ወጪውም ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሐኪሙን ጠይቁ፤ አይሆንም ከተባላችሁ መልሱን በጽሑፍ ስጡን በሉ፣ ይግባኝ የሚባለው በጽሑፍ በተሰጠ መልስ ላይ ነውና።

ለቀሩት ለብዙዎቹ ግን ጉዳዩ ጥላ ነው፣ ጥላ ደግሞ የበጀት ጉዳይ ነው። በዚህ ሳምንት የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ግቢ በቀትር ሄዳችሁ እዩት፤ ከግቢው ምን ያህሉ ጥላ እንዳለው በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ የወላጆች ኮሚቴው ለዒሪያው በጽሑፍ ያቅርበው። በሥራ ቦታ ለሚቆሙ ጠባቂዎችም የሠራተኛ ማኅበራቸው ዳስ ይጠይቅላቸው። የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ በሕግ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የሚቀጥለው ሲጠራ ፎቶዎቹን ይዛችሁ ኑና ተቀመጡ።